ከተክል እስከ ተክል

ተስፋሁን ዋርካ ውኃ በሚባለው ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኖ ሲመደብ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ተወልዶ ያደገው ንፋስ መውጫ ነው፤ ብርድ የለመደ የደጋ ልጅ። ዋርካ ውኃ ግን ከስማዳ ወደ በሽሎ በሚወርደው ቁልቁለት ወገብ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ማሽላና ጤፍ፣ ጥቂት ሰሊጥም ይበቅልባታል። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ሁለት ጊዜ ጣለው። በሁለተኛው ዓመት በቆሎ በመስመር መዝራት አስተማረ፤ ምርቱ ጥሩ ሆነና ሰዉ ያዳምጠው ጀመር። አምስት ዓመት ሲሞላው ከገበሬው ብዙው «እስቲ ተስፋሁን ይምጣ» ሳይል አዲስ ነገር የማይሞክር ሆኖ ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተውጣጡ የልማት ሠራተኞች ስለ አኩሪ አተር እንዲሠለጥኑ ንፋስ መውጫ ተጠሩ። ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር። ለተስፋሁን የገዛ ከተማው ስለሆነች ዘመድ አላስቀመጠውም። እህቱ ልትዳር ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበርና ስልኩ በየሰዓቱ ይጠራል፤ ድንኳኑ ከማን ይምጣ፣ ሰንጋው የት ይገኝ። እየወጣ ያነጋግራል፣ እየተመለሰ ይጽፋል። በመጨረሻ ማስታወሻው ላይ የሰፈረው አጭር ነበር፦ ከመስመር መስመር ስድሳ ሳንቲሜትር፣ ከተክል እስከ ተክል ሃያ አምስት፣ ክረምቱ እንደገባ ይዘራ። የበቆሎውም ከተክል እስከ ተክል ሃያ አምስት ስለነበር ለማስታወስ አላስቸገረውም።

ዘሩ የመጣው ሰኔ ስምንት ቀን ነው። አንድ ኩንታል አይሞላም፤ ለአሥራ ሁለት ገበሬ ስምንት ስምንት ኪሎ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ጥማድ መሬት ተብሎ የተመደበ። ተስፋሁን ፈቃደኞች መፈለግ ነበረበት። ሰዉ ድቡልቡሉን ቢጫ ፍሬ በመዳፉ እያንከባለለ ለምን እንደሚሆን ጠየቀ። ሽሮ ይወጣዋል ወይ? ገበያ ቢወጣ የሚያነሣው አለ ወይ? ተስፋሁን የሚያውቀውን ያህል መለሰ፤ እጁን ያወጣ ግን አልነበረም።

የረዱት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው ድጓ ያስመሰከሩ፣ በዋርካ ውኃ ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ያለፈውን ዐቢይ ጾም ደብረ ታቦር የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ሰንብተው ከአኩሪ አተር የተሠራ ወተት ጠጥተው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ለምእመናኑ ነገሩ። ጾም የማያስገድፍ ወተት ነው፤ መጀመሪያ የምዘራው እኔ ነኝ፤ የምታምኑኝ ተከተሉኝ አሉ። በማግሥቱ አሥራ ሁለቱ ሰው ሞላ።

ተስፋሁን ዘሩን ሲያከፋፍል አንድ ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀ። እሱ መጥቶ አዘራሩን እስኪያሳያቸው ድረስ ማንም እንዳይዘራ። ለማሳያውም ሰኔ ሃያን ቀጠረ።

ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ደጊቱ ነበረች። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ መሬቷን የሚያርስላት የባሏ ወንድም ይበልጣል ነው። እሱም ዘር ከወሰዱት አንዱ ነበር። ሰኔ አሥራ አምስት ቀን አርብ ገበያ ከተማ ያለች እህቷ ላቀች እግሯ መሰበሩን ሰማች። ሄዳ ማስታመም ይኖርባታል፤ ስንት ሳምንት እንደምትቆይም አታውቅም። ስለዚህ ይበልጣልን ጠርታ ከመሄዷ በፊት አኩሪ አተሩን እንዲያዘራት ጠየቀችው። ይበልጣል የተስፋሁንን ማስጠንቀቂያ አስታወሳት።

«እኔ እስክመለስ ቤት ተቀምጦ አይጥ ከሚበላው መሬት ይብላው» አለችው።

ሰኔ አሥራ ስምንት ጠዋት ይበልጣል በሬዎቹን ጠመደ። ደጊቱ ከኋላው እየተከተለች ዘሩን ትልሙ ውስጥ ጣለች፤ አንዱን ትልም እየዘለለች በአንዱ። አልለካችም። ማሳዋ ከወንዙ ማዶ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ነው። እዚያ ቆቅ ይበዛል፤ ባለፈው ዓመት ሽምብራዋን እየጫረ ጨርሶባት ነበር። ስለዚህ ቆቁ ቢለቅመውም እንዲተርፋት አድርጋ፣ አጠጋግታ ነው የዘራችው። ስምንቱ ኪሎ ዘር ከግማሽ ጥማዱ ጋር እኩል አለቀ። በማግሥቱ ወደ አርብ ገበያ ሄደች። ይበልጣል መዝራቷን ለማንም አልተናገረም፤ ካልተፈቀደ ነገር ውስጥ እጁን አስገብቷልና። የራሱን ዘር ግን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተስፋሁንን ጠበቀ።

ሰኔ ሃያ ሳይደርስ የማዳበሪያ ሥርጭት መጣ። ተስፋሁን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመጋዘኑ ደጃፍ አልራቀም። ከዚያ ወረዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሐምሌ አምስት ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ ሰባት ሥላሴ ሆነ። ገበሬዎቹ በየመንገዱ ሲያገኙት መቼ ነው ይሉታል፤ እሱም ደረስኩ፣ ታገሡ ይላል። ዝናቡ በደንብ ይዘንብ ነበርና የሚቸኩል ነገር ያለ አልመሰለውም። በመጨረሻ ማሳያው የተደረገው ሐምሌ አሥራ አራት ነው።

በዚያ ቀን አሥራ አንዱ ሰው መሪጌታ ማሳ ላይ ተሰበሰበ። ተስፋሁን ሃያ አምስት ሳንቲሜትር እየለካ የቆረጣቸውን ሸምበቆዎች ለእያንዳንዱ አደለ። ገመድ ተወጠረ። በገመዱ ሥር ሸምበቆውን እያጋደሙ፣ በየጫፉ እየማሱ ሁለት ሁለት ፍሬ ጣሉ። ማሳው ሲያልቅ መስመሩ የሚያምር ነበር፤ ተስፋሁን በስልኩ ፎቶ አነሣው። ከስም ዝርዝሩ ላይ ከደጊቱ ስም ጎን «በማሳያው አልተገኘችም» ብሎ ጻፈ።

መሪጌታ የዘር ከረጢታቸውን አንሥተው በእጃቸው መዘኑት።

«ተስፋሁን፣ ከግማሹ በላይ ተረፈኮ» አሉ። «ልክ ነው ይኸ?»

ምርጥ ዘር ስለሆነ አንዱ እግር ሰፍቶ ቦታውን እንደሚሞላ ነገራቸው። ሲናገር ያምንበት ነበር። ቤቷ ከተዘጋው ከደጊቱ በቀር ከሁሉም ቤት የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ወረዳ መለሰው፤ ለቁጠባውም ተመሰገነ።

ቡቃያው በሳምንቱ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነበር። ነገር ግን በእግርና በእግር መካከል የተረፈውን ባዶ መሬት አረም ቀደመበት። ሰዉ ሦስት ጊዜ አረመ። ነሐሴ ሲያልቅ ተክሉ ገና ሁለት ስንዝር እንኳ ሳይሞላ አበባ አወጣ። ተስፋሁን እያበበ የሚያድግ መስሎት ሲጠብቅ ሰነበተ። አኩሪ አተር ግን ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ ቁመቱ የትም ይድረስ፣ ያብባል። በሰኔ የተዘራው ያ ጊዜ ሲመጣ ረዝሞና ቅርንጫፍ አውጥቶ ይጠብቃል፤ በሐምሌ አጋማሽ የተዘራው እንዳጠረ ይያዛል። ተስፋሁን ይህን ያነበበው ዘግይቶ ነው።

መስከረም ስምንት ቀን የዓመቱ የመጨረሻ ዝናብ ዘነበ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጠራ። ፍሬ የሚይዘው ቆባ ሳይሞላ ደረቀ፤ በጣት ሲጫኑት ግማሹ ባዶ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ከወረዳ ሦስት ባለሙያዎች መጡ። የቡድኑ መሪ ሙሉዓለም የሚባል፣ ቁጥብ ሰው ነው። የመሪጌታንና የይበልጣልን ማሳ ዞረው አዩ፤ ከየማሳው አሥር አሥር እግር እየመረጡ ቆባውን ቆጠሩ፤ ሳይመሽ ተመለሱ። ሪፖርታቸው አኩሪ አተር ለዋርካ ውኃ እንደማይስማማና ለመጪው ዓመት ዘር መላክ እንደማያስፈልግ የሚገልጽ ነበር። ከወንዙ ማዶ ማንም አልወሰዳቸውም፤ ተስፋሁን ራሱ እዚያ የተዘራ ነገር መኖሩን አያውቅም።

መሪጌታ ከግማሽ ጥማዱ አርባ ኪሎ አገኙ። ሌሎቹም ከዚያ አላለፉም። ፊት ለፊት የተናገራቸው ሰው የለም። ነገር ግን ጠላ ቤት «የመሪጌታ ወተት» የሚል ቀልድ ተጀመረ። ቀጠሮ አክብሮ ላልመጣ ሰው፣ ሊሰጥ ተብሎ ለቀረ ነገር፣ ለነጠፈች ላም ሳይቀር ስሙ ይኸው ሆነ። መሪጌታ ሰምተዋል። ከቅዳሴ በኋላ ያደርጉት የነበረውን ምክር ትተው መስቀል አሳልመው ቀጥታ ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመሩ።

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ተስፋሁን የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት ለመመዝገብ ቤት ለቤት ሲዞር ወንዙን ተሻገረ። ደጊቱን ያገኛት አውድማ ላይ ነው። ከይበልጣል ሚስት ጋር ሆና አንድ ክምር በዱላ ትወቃለች። ከጎኑ የተጣራ እህል ተቆልሏል። ተስፋሁን ቀርቦ ዘገነው። ፍሬው ሙሉና ከባድ ነበር።

ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት።

«ከማሳዬ ነዋ» አለች። «አንተ የሰጠኸኝ ዘር አይደለም እንዴ?»

ቀኑንና አዘራሩን በዝርዝር ጠየቃት። ደብቃ አታውቅም፤ ሁሉንም ነገረችው፤ የእህቷን እግር፣ ቆቁን፣ አንድ ትልም እየዘለሉ መዝራታቸውን። ከአርብ ገበያ የተመለሰችው ሐምሌ መጨረሻ ነበር። ስትመጣ ቅጠሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገጥሞ መሬቱን ስለሸፈነው ያረመችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ዳር ዳሩን። በዚያ ቀን አውድማው ላይ የተሰፈረው ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ተኩል ሞላ።

ተስፋሁን ከአውድማው ወደ ማሳው ወረደ። የታጨደው ግንድ ቀሪ ገና መሬት ላይ ቆሟል። ሜትሩን ዘርግቶ በአንድ ሜትር ውስጥ ቆጠረ፤ አሥራ ስምንት። ወደ ሌላ ትልም ሄዶ ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት። በመሪጌታ ማሳ በአንድ ሜትር አራት ጉድጓድ ብቻ እንዳለ ሳይቆጥርም ያውቃል፤ ለክቶ የሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ስልክ ወደሚያዝበት ጉብታ ወጥቶ ሜሮን ጋ ደወለ። ሜሮን በእስቴ የአንድ ቀበሌ ልማት ሠራተኛ ናት፤ በሥልጠናው ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር።

«አኩሪ አተር ከተክል እስከ ተክል ስንት ነበር የተባለው?» አላት።

«አምስት።»

«ሃያ አምስት አይደለም?»

«ሃያ አምስት የበቆሎ ነው» አለችው። «ምነው?»

ምንም አይደለም ብሎ ዘጋው። በሥልጠናው ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ ስለ ድንኳን ሲያወራ በተከፈተው በር የሰማው የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ ብቻ እንደነበር አሁን ትዝ አለው። አምስት የሚለውን ጆሮው ሰምቷል፤ ሃያውን የጨመረው እጁ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ለራሱ ያቀረበው ምክንያት ብዙ ነበር። ቡድኑ አይቶ ወስኗል፤ ነገሩ ተዘግቷል። ጉዳቱ ለአንድ ገበሬ ሞትና ሽረት አይደለም፤ የሄደው የግማሽ ጥማድ ምርት ነው። ቢናገር የበቆሎውም፣ የማዳበሪያውም፣ የአምስት ዓመቱ ሁሉ ቃሉ ይጠረጠራል። አንድ ቀን የደጊቱ ምርት ተነሥቶ አንድ ገበሬ ማሳዋ ከወንዙ ዳር ስለሆነ ደለል አለው ሲል ሰማ። ደለል እንደሌለው ያውቃል። «ሊሆን ይችላል» ብሎ አለፈ።

በኅዳር መጨረሻ የገበያ ቀን ጠላ ቤት ገብቶ ተቀምጦ ሳለ አስተናጋጇ ማሰሮው ማለቁን ለአንዱ ስትነግረው ሰውየው የመሪጌታ ወተት ይቀዳልኝ አለ። ቤቱ ሳቀ። ተስፋሁንም አብሮ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ነው የሰማው። ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ቤት ሄደ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው የግቢው አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ተቀመጥ አሉት፤ ቆሞ መናገር መረጠ።

«መሪጌታ፣ እርሻችሁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «አምስት የተባለውን ሃያ አምስት ብዬ አስለካኋችሁ። ቀኑንም ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ዘሩም መሬቱም ምንም አልሆኑም። የእትዬ ደጊቱ ሰኔ ላይ ተጠጋግቶ ተዘርቶ ሁለት ኩንታል ተኩል ሰጥቷል።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አስተካከሉ።

«መቼ አወቅኸው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሦስት ሳምንት» አሉ። «እንግዲያ ሰዉ ሲስቅብኝ እያወቅህ ነበር።»

መሪጌታ መልስ አልጠበቁም። ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ ያህል አንድ ታሪክ ነገሩት። ድጓ ማስተማር የጀመሩ ሰሞን አንዱን ዜማ ምልክቱን አሳስተው ለአንድ ተማሪ አስተማሩ። ስሕተታቸውን ያወቁት ተማሪው ተሰናብቶ ወሎ ከገባ በኋላ ነው። ይህ ልጅ ነገ መምህር ቢሆን የእኔን ስሕተት ለስንቱ ያስተምራል ብለው አራት ቀን በእግር ሄዱ። አፈላልገው ሲያገኙት ልጁ ድጓውን ትቶ ኮንጎ ጫማ ይነግዳል። ዜማውን ከነጭራሹ ረስቶታል።

«ምን አሉት ታዲያ?» አለ ተስፋሁን።

«አስተካክዬ አዜምኩለትና ተመለስኩ። ምን እላለሁ። ልጁ ያበድኩ መስሎት ነበር።» ፈገግ አላሉም። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትናገራለህ። እኔ አልናገርልህም። ዘሩን ስቀበል የተናገርኩት ይበቃኛል።»

እሑድ ዕለት ምእመናኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መሪጌታ ሰዉን አስቁመው ተስፋሁን የሚለው አለው አሉና ወደ ጎን ቆሙ። ተስፋሁን የተናገረው ለመሪጌታ ከተናገረው ብዙም አይረዝምም። ቁጥሩን ተናገረ፤ ቀኑን ተናገረ፤ ካወቀ በኋላ ዝም ማለቱን ጨመረ። መሪጌታ የሰሙትን በቅንነት እንደነገሯቸው፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ ሰው መሳሳቱ ያለ ነው ብለው ሊያለዝቡት ሞከሩ። አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ያረመችው ጉልበቷስ በማን ይካስ ብላ ጠየቀች።

ከዚያ ይበልጣል ከሰዉ መሀል ወጣ።

«የእሷን ያረስኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ወደ ደጊቱ እያመለከተ። «በእነዚያው በሬዎቼ፣ በዚህ እጅ። የራሴን ግን አንተን ስጠብቅ አንድ ወር ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አንተ ብትቀር እህል ነበረኝ።»

ይህን ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን በር አልፎ ሄደ። ተስፋሁን ሊከተለው አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ።

ደጊቱን እንዴት እንደዘራች ሰዉ እዚያው ጠየቃት። ስለ ቆቁ ስትናገር ጥቂቶች ሳቁ፤ ያ ሳቅ ነገሩን ትንሽ አረገበው። እሷ ግን መከበቡን አልወደደችውም፤ እህቷ ላቀች ገና በምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ የምታደርስላት ነገር አለ ብላ ወጣች።

በዚያ ሳምንት ተስፋሁን ወረዳ ሄዶ ለሙሉዓለም ሁሉንም ነገረው። ሙሉዓለም ሪፖርቱ ወደ ዞን ተልኳል፤ ማስተካከል የሚቻለው ተስፋሁን በገዛ ስሙ ስሕተቱን ገልጦ ከጻፈ ነው አለ። ተስፋሁን ተቀምጦ ጻፈ፤ አንድ ገጽ ሞላ። ሙሉዓለም አንብቦ ማኅተም አደረገበት።

«ባትጽፈው የሚያውቅ አልነበረም» አለው። ማመስገኑ ይሁን ማዘኑ ከድምፁ አልተለየም።

ከሁለት ወር በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ በፋይሉም ተያዘ። ለዋርካ ውኃ የሚላክ ዘር ግን አልተመለሰም፤ ለዚያ ዓመት የነበረው ለሌሎች ቀበሌዎች ተደልድሎ አልቋል። በሰኔ መጀመሪያ የነበረው ዘር የደጊቱ ብቻ ነበር። ሰባት ሰው በጤፍ ለወጣት፤ መጀመሪያ የመጡት መሪጌታ ናቸው። ይበልጣልም ወሰደ፤ ተስፋሁን ባለበት ግን አልመጣም።

በዚህ ጊዜ ተስፋሁን ማንንም ጠብቁኝ አላለም። መሪጌታ ማሳቸውን ሰኔ አሥራ አራት ሲያርሱ ተጠርቶ ሄደና አምስት ሳንቲሜትር ማለት የስንት ጣት ስፋት እንደሆነ በእጃቸው ለካላቸው፤ ሦስት ጣት ወጣ። ሸምበቆ አላስፈለገም። ከደጊቱም የማሳዋን አንድ ጥግ ለምኖ ለራሱ ሞከረ። ጥቂቱን በሰኔ አጋማሽ፣ ጥቂቱን በሰኔ መጨረሻ፣ ጥቂቱን በሐምሌ አጋማሽ ዘራ፤ በእያንዳንዱ የዘር ቀንም አንዱን መስመር በአምስት፣ አንዱን በአሥር፣ አንዱን በሃያ አምስት። ደጊቱ እያየችው ለዚህች ለዚህች ይኸን ሁሉ መቁጠር ምን ያደርጋል ትለው ነበር።

እሷ በራሷ አሠራር ታምናለች። ባለፈው ዓመት መጠጋጋቱ ከጠቀመ ይበልጥ ማጠጋጋት ይበልጥ ይጠቅማል ብላ ዘሩን እንደ ጤፍ አፈሰሰችው። ሐምሌ ላይ ማሳዋ ከሁሉም ይበልጥ አረንጓዴ ነበር፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያየዋል። ግን ተክሉ ብርሃን ፍለጋ እርስ በርሱ እየተሽቀዳደመ ቀጠነ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ከግማሽ በላዩን አጋደመው። የተጋደመው አልተነሣም፤ በኋላም መሬት የነካው ቆባ ሻገተ።

በሦስተኛው ቀን ደጊቱ ወደ ተስፋሁን ቢሮ መጣች። ስለ እህቷ፣ ስለ መንገዱ መዘጋትና መከፈት ካወራች በኋላ ነው ወደ ነገሯ የገባችው።

«ልኩ ስንት ነበር ያልከው?» አለችው።

«ሦስት ጣት፣ እትዬ ደጊቱ።»

እጇን አውጥታ ሦስት ጣቷን አጋጥማ አየቻቸው። ባለፈው ዓመትም በግምት ይኸው እንደነበር፣ ዘንድሮ ግን እንደሳተች ተናገረች። ከወደቀው የሚተርፈውን ለማዳን ምን ማድረግ እንደሚቻል ጠየቀችው፤ ብዙ እንደማይቻል ነገራት፤ አብሯት ሄዶ ግን ዳር ዳሩ ያለውን በገመድ አነሡት።

በኅዳር ሲወቃ መሪጌታ ከግማሽ ጥማድ ሁለት ኩንታል ከሃምሳ አምስት ኪሎ አገኙ። ደጊቱ ከአንድ ኩንታል ብዙም አላለፈችም። በተስፋሁን ጥግ ሰኔ አጋማሽ ላይ በአምስት የተዘራው ከሁሉም በለጠ። በሰኔ መጨረሻ በአምስት የተዘራው ተከተለው። በአሥር የተዘራው ቀድሞ ሲዘራ ደህና ነው፣ ሲዘገይ ይወርዳል። በሐምሌ የተዘራው በአምስትም ሆነ በሃያ አምስት እፍኝ የማይሞላ ነበር፤ ለዘገየ ዘር ማጠጋጋትም ብዙ እንደማይመልስለት ተስፋሁን ጻፈ። ወረቀቱን ለወረዳም ላከ፤ በክልል ዘር ሲደለደል ዋርካ ውኃ እንደገና ከዝርዝሩ ገባ።

ሰዉ ከተስፋሁን ጋር የነበረው ነገር እንደ ድሮው አልሆነም። ይሰሙታል፤ ግን ሲናገር ደግሞ ይጠይቁታል፤ ከየት ሰማኸው፣ አይተኸዋል ወይ ይሉታል። መጀመሪያ ይከፋው ነበር። በኋላ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ራሱ ይናገር ጀመር፤ ይህን አይቼዋለሁ፣ ይህን ግን ሰምቼ ነው።

አኩሪ አተሩ በመጣ በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ተስፋሁን ወደ እስቴ ተዛወረ። ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ሁለት ከረጢት መጽሐፍና ወረቀት። መኪና ወደሚያልፍበት መንገድ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ዳገት አለ። ሊሄድ በተነሣበት ጠዋት ይበልጣል አህያ እየነዳ በሩ ላይ ቆመ። መሪጌታ ልከውት ይሁን በራሱ መጥቶ ተስፋሁን አልጠየቀም። አብረው ጫኑ።

በመንገድ ላይ ስለ በሬ ዋጋና ስለ ዝናቡ አወሩ። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ይበልጣል ጭነቱን አራገፈ፤ የአህያዋን መቀነት ፈትቶ አጠበቀ።

«አኩሪ አተሩን ዘንድሮም ዘርቻለሁ» አለ። «ሰኔ አሥራ ስድስት። ማንንም አልጠየቅሁም።»

«ደህና አድርገሃል» አለ ተስፋሁን።

ይበልጣል ራሱን ነቀነቀና አህያዋን ወደ ቁልቁለቱ መለሳት። ሚኒባሱ ለመምጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ተስፋሁን ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።